በግራ ጥግ ያለው ጥላ

ሰኞ፣ ሰኔ 4

የወንድሜን ጃኬት ከልብስ ሰፊዋ ተቀበልኩ። ክርኑ ተቀዶ ነበር፤ ቡኒ ጨርቅ ስላጣች በሰማያዊ ጣፈችው። «ይታያል እኮ» ብላት፣ «ይታይ! የኔ ሥራ ምን ያሳፍራል?» ብላ ሳቀች። ሱቋ በአሮጌው ገበያ መተላለፊያ ውስጥ ከጫማ ሻጩ ፊት ለፊት ነው። በሩ ጠባብ፣ ውስጡ ጨለማ። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት እንኳ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ደጃፍ ድረስ ትወጣለች።

ጫማ ሻጩ ከወዲያ ማዶ፣ «ጋዜጠኛዋ! ገበያውን አፍርሰው ሊያስነሱን ነው፤ ጻፊው እንጂ!» አለኝ። እኔ ፎቶ አስተካካይ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም አልኩት።

«እንግዲያው እኔን አስተካክይኝ። ከአፍንጫዬ ጀምሪ።»

ወንድሜ ሥራ አግኝቷል። ጥበቃ ነው ይላል። የምን ጥበቃ ስንለው፣ የሕንፃ። የትኛው ሕንፃ? ገና ያልተሠራ።

እማዬ ግን ፊቷ በርቷል። «ሥራ ሥራ ነው፤ አንቺ ደግሞ መርማሪ አትሁኚብን» አለችኝ። ከእራት በፊት የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ሲጠግንላት ተቀምጬ አየሁት። ሚስማር ሲመታ ምላሱን በጥርሱ ይይዛል። ልጅ ሆኖ ፊደል ሳስጽፈውም እንዲሁ ነበር፤ ስንት ጊዜ ነክሶት አልቅሷል። ሠላሳ ሊሞላው ነው፣ አልተወውም። መደርደሪያው ግን ቀጥ ብሏል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 6

የማተሚያ ቤቱ ፎርማን ደወለ። «እህቴ፣ ገጽ አንድ ላይ ያለው ሰውዬ ባለሥልጣን ነው ወይስ ከሰል ነጋዴ? ፊቱ የት ሄደ? ማሽኔ ጥላ ይበላል ብያችሁ የለም? ሌላ ቀለብ አልሰጣችሁትም።»

እውነቱን ነው። የኛ ወረቀት ቀለም ይጠጣል፤ ጥላ የነበረው ሁሉ አብጦ ይደፈናል። ስለዚህ ከርቩን እናነሳለን። ከርቭ የምንለው በስክሪኑ ላይ ያለ አንድ ሰያፍ መስመር ነው፤ የታችኛው ጫፍ ጥቁሩ፣ የላይኛው ነጩ። መስመሩን አንድ ቦታ ላይ ይዤ ወደ ላይ ስገፋው እዚያ ያለው ሁሉ ይበራል፤ ወደ ታች ስጫነው ይጨልማል። ለማተሚያ የሚሄደውን ፎቶ ጥላውን ከሚገባው በላይ አበራዋለሁ። ስክሪን ላይ የገረጣ ይመስላል፤ ማሽኑ መልሶ ያጨልመውና ልክ ይመጣል። «የማተሚያ ከርቭ» ብለን በአንድ ቁልፍ አስቀምጠነዋል። እጄ ከልማድ የተነሳ ሳላስብ ይጫነዋል።

ድረ ገጹ ከተከፈተ ወዲህ ሁለት ፋይል ልናስቀምጥ ተስማምተን ነበር፤ አንድ ለወረቀት፣ አንድ ለስክሪን። ሥራ ሲበዛ አንዱን ብቻ እናስቀምጣለን።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 9

በችኮላ። ገበያው ውስጥ ዱላና ብረት የያዙ ሰዎች ገቡ። ሱቅ እየመረጡ ሰባበሩ። የሰዓት ሠሪው አንድ ዓይን ፈሰሰ። ፎቶው ሲመጣ ደሙ ከጥላው ጋር አንድ ጥቁር ሆኖ አስቸገረኝ። በጥቁርና ነጭ ገጽ ላይ ደምና ጥላ አይለዩም፤ ጥቂት ብርሃን ሲያርፍበት ነው ደም የሚመስለው። ጥቂት አነሳሁት።

ይህን መልሼ ሳነበው ይዘገንናል። ሥራ ነው።

ማታ። ወንድሜ መዳፉን በጨርቅ ጠምጥሞ ገባ። ቆርቆሮ ቆረጠኝ አለ። እማዬ ሸሚዙን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ሙቅ ላምጣልሽ ስላት፣ «ሙቅ ያስይዘዋል፤ በቀዝቃዛ ነው የሚለቀው» አለችኝ። ምን እንደሚለቅ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቆርቆሮ የቆረጠው እጅ ደረቱ ድረስ ይረጫል እንዴ?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 12

ጫማ ሻጩን ገደሉት።

ፎቶ አንሺያችንን ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ እንለዋለን። ራሱም «ዱላ ሁሉ ይስተኛል» እያለ ይቀልዳል። ዛሬ አልቀለደም። ካሜራውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወንበሬ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ እርጥብ ነበር። ውሃ መስሎኝ ነበር።

«ስሚኝ» አለ። «ቀኝ በኩል በሩ ላይ ልብስ ሰፊዋ አለች። ካሜራዬን ያዩብኝ ሲመስለኝ በአንገቴ ጎትታ ያስገባችኝ እሷ ናት። ጨርቅ ከምራብኝ እላዬ ላይ ተቀመጠች በይ። ፎቶ ላይ እወጣ ይሆን ብላ ስትንቀጠቀጥ፣ ጨለማ ውስጥ ነሽ አትታዪም ብያታለሁ። በሩን አትንኪው።»

«ማሽኑ ይበላዋል።»

«ቢበላውም አትንኪው፣ በሞቴ።»

ፎቶው ይህ ነው፦ ጫማ ሻጩ መሐል ላይ በጉልበቱ ወድቋል፤ ሁለቱም እጆቹ ጭንቅላቱ ላይ ናቸው። ሦስት ሰዎች ፊታቸውን በመሃረብ ሸፍነው ከበውታል። ጫማዎቹ ጥንድ ጥንዳቸውን አጥተው ተበታትነዋል። በቀኝ የልብስ ሰፊዋ በር። በግራ ጥግ የሸራ ጥላ።

የግራው ጥግ ቆሻሻ ነበር። ጨለማ ውስጥ የተነሳ ነገር ሲበራ ነጥብ ነጥብ እያለ ይቆሽሻል፤ ገጽ አንድ ላይ ያስጠላል። ለብቻው ከልዬ ከርቩን ወደ ታች ተጫንኩት፤ ጥቁር ሆነ። ጥግ ሲጠቁር ፎቶው ወደ አንድ ወገን ከበደ። ለማመጣጠን ሌላውን ክፍል በማተሚያ ከርቩ ከወትሮው ትንሽ ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። የገጹ ሰዓት አልፎ ነበር። አንድ ፋይል አስቀመጥኩ።

ዋና አዘጋጁ ከኋላዬ ቆመው አዩት። «ሦስት ናቸው አይደል?»

«ሦስት ናቸው፣ ጋሼ።»

ሽቦ እጁን ሊታጠብ ሄዶ ነበር።

ቤት ስገባ ጃኬቱ መታጠቢያ ቤት ተሰቅሎ ይንጠባጠባል። ሰማያዊው እራፊ ሲርስ ጥቁር ይመስላል። ወንድሜ እራቱን ደግሞ በላ። ሁለት ጊዜ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 13

ወረቀቱ ላይ ጥሩ ወጥቷል። በሩ ድፍን ጥቁር ነው። እፎይ አልኩ።

አውቶብስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሰዎች ስልክ ላይ ፎቶውን ያያሉ።

«ይቺ በሩ ላይ ያለችው ማናት?»

«የቱጋ?»

«ይኸው፣ ሜትር አንገቷ ላይ። ፊት ለፊት ታያለች እኮ!»

ወረድኩ። ገና ሦስት ፌርማታ ይቀረኝ ነበር።

ድረ ገጹ ላይ ያለው የኔው ፋይል ነው፣ ለማሽኑ የበራው። ስልክ ላይ ማሽን የለም፤ ጥላ የሚበላ የለም። ፊቷ፣ የከፈተችው አፏ፣ የሜትሩ ቁጥሮች ሳይቀሩ ወጥተዋል። ቢሮ ስደርስ ከድረ ገጹ ላይ አስነሳሁት። የድረ ገጹ ኃላፊ፣ «አሁን ማንሳቱ ምን ይሠራል? በየስልኩ አለ» አለ። ምን ላድርገው? ፋይሉን የወሰዱት እነሱ ናቸው። ለስክሪን መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ነበረባቸው።

ጥፋቴ ሁለት ፋይል አለማስቀመጤ ነው። ይህንን እቀበላለሁ።

ወደ ሱቋ ልሄድና ልነግራት አሰብኩ። ስብሰባ ነበር።

ዓርብ፣ ሰኔ 15

አገኟት። ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ጠብቀው ነው። ካውያዋ እስኪግል ቆመው ጠብቀዋል፤ ጎረቤት በግድግዳ ቀዳዳ አይቶ ለሽቦ የነገረው ነው። ቀኝ እጇን መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ካውያውን አስቀመጡበት። ስትጮህ በሜትሯ አንገቷን አነቋት። የጎድን አጥንቷ ተሰብሯል። የሞተች መስሏቸው ትተዋት ሄዱ።

ሽቦ ይህንን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቃል በቃል፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ነበር። የዜና ክፍሉ ሥራውን ቀጥሏል። አንድ ሰው የእግር ኳስ ውጤት ይጠይቃል።

ሽቦ ጉዳቷን የሚያሳይ ፎቶ አምጥቷል። እንዳስተካክለው ተሰጠኝ። የቃጠሎው ቆዳ አብረቅራቂ ስለሆነ ነጩ ጫፍ ላይ ዝርዝሩ ጠፍቷል፤ የከርቩን የላይኛውን ክፍል ትንሽ መለስኩት፤ የካውያው ሹል ቅርጽ በደንብ ወጣ።

እሑድ፣ ሰኔ 17

ወንድሜ ዛሬ ለእማዬ ጥፍሯን ቆረጠላት። ዓይኗ ስለደከመ ራሷ አትችልም። ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ አንድ በአንድ፣ ሳያቆስላት። «እጅህ ላባ ነው፣ ሆዴ» ትለዋለች።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ውሻ ጮኸብኝ ብሎ በድንጋይ ጭንቅላቱን ፈነከተው። አንድ ጊዜ ሳይሆን እስኪጸጥ ድረስ። ተመልሶ ገብቶ እጁን ታጠበና ሬዲዮኑን ከፈተ። እማዬ ድምፁን ጨምርልኝ አለችው።

ሰኞ፣ ሰኔ 18

ሽቦ ያለወትሮው ሳያንኳኳ ገባ።

«ግራ በኩል አንድ ሰው ነበር» አለ። «ብረት የያዘው። ሌሎቹ ይመታሉ፤ የገደለው ግን እሱ ነው። ከሸራው ሥር ስለሆነ ፊቱን እንኳ አልሸፈነም። በካሜራዬ ትንሿ መስኮት አይቼው ነበር። የት ሄደ?»

«ጥጉ ቆሻሻ ነበር።»

«ቆሻሻ?»

«ነጥብ ነጥብ ብሎ ነበር። አጨለምኩት።»

«አንቺ» አለ። ስንት ዓመት አብረን ሠራን፣ አንድም ቀን እንዲህ አላየኝም። «የግራውን ሰው አጨለምሽ፣ የቀኟን ሴት አበራሽ። እጅሽ ወርቅ ነው በይ።»

ኮቱን አንስቶ ሄደ። ጥጉ ቆሻሻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆንም እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 20

ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ የሰው እጅ አይመስልም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ ከጋዜጣው ነኝ ስላት ዞረች።

«አላየሁም አልኳቸው» አለች። ድምፅዋ በሜትሩ ካነቋት ወዲህ እንደ ወንፊት ነው። «ልጆቼን ይንሳኝ አላየሁም አልኩ። ስልኩን ዓይኔ ላይ ደቀኑት። ፎቶው ላይ እያየሽ ነው አሉኝ።»

ብርቱካኑን መላጥ ጀመርኩ።

«ለፖሊስም አላየሁም ነው ያልኩት። ማን ይጠብቀኛል? ግን አይቻለሁ። ግራ በኩል የነበረውን አውቀዋለሁ። ፊቱን ሳይሆን ጃኬቱን። ክርኑን የጣፍኩት እኔ ነኝ፤ ሰማያዊውን ጨርቅ የቆረጥኩት ከልጄ የትምህርት ቤት ልብስ ትራፊ ነው። ያመጣችው አንዲት መነጽር ያላት ሴት ነበረች።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት። ጭጋግ ነበረበት። መልሼ እስካደርገው ድረስ አየችኝ። ከዚያ የተላጠውን ብርቱካን ከእጄ ሳትቀበል ወደ ግድግዳው ዞረች።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ነርስ ለሌላዋ፣ «ትናንትም ሁለት ሰዎች መጥተው የትኛው ክፍል ናት ብለው ጠይቀዋል፤ ዘመዶቿ ነን አሉ» ስትል ሰማሁ። ዘመዶች ስም ይጠራሉ። እነዚያ ስሟን አልጠሩም።

መነጽር ያላት ሴት ስንት አለች በከተማው ውስጥ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 23

ከእራት በኋላ ወንድሜ ሳህኖቹን እያነሳ፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ።

«ጠይቅ።»

«ፎቶ ላይ የጠቆረ ነገር ተመልሶ ይነጣል?»

እማዬ ሬዲዮኑን ቀነሰች።

አስረዳሁት። ከርቩ ጥቁሩ ጫፍ ላይ ከተጫነ በኋላ ፋይሉ ከተቀመጠ፣ እዚያ የነበረው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ይሆናል፤ ልዩነቱ ይጠፋል። ብታነሳው ግራጫ ይሆናል እንጂ ሰው አይሆንም። ልክ ፊደል ሳስጠናው እንደማደርገው በዝግታ ነበር የነገርኩት።

«ስለዚህ አይመለስም።»

«አይመለስም።»

ካሜራው ከራሱ ያወጣው ዋናው ፋይል ካለ ግን ይመለሳል። ይህን አልነገርኩትም። አልጠየቀኝማ።

ግንባሬን ሳመኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ስሞኝ አያውቅም። «እትዬ አንደኛ ናት» አለ ለእማዬ። እማዬም፣ «ድሮስ!» አለች። እጁ ትከሻዬ ላይ ቆየ፤ አውራ ጣቱ ማጅራቴ ላይ ነበር፤ አልጠበቀም፣ አልላላም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 26

በችኮላ። ሽቦን ደበደቡት። ከቢሮ ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ። ካሜራውን አስፋልት ላይ ፈጠፈጡት፤ ሚሞሪ ካርዱን አውጥተው በተረከዝ ረገጡት። አፍንጫውና ክንዱ ተሰብሯል። ጥበቃዎቹ ምሳ ላይ ነበሩ ይላሉ።

ሆስፒታል ይዤው ስሄድ ደም እየተፋ፣ «ዘንድሮ ዱላው ዒላማ ተምሯል» አለኝ። ከዚያ ጆሮዬን ጎትቶ አስጠጋኝ። «የዚያን ቀኑ ዋናው ፋይል አንቺ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሌላ የለም። ሰውዬው ፊቱ ቢወጣ ልብስ ሰፊዋን ማንም አይፈልጋትም፤ ያየችው እሷ ብቻ መሆኗ ነው የሚያስገድላት። ከተማው ሁሉ ካየው ምኗን ይገድላሉ?»

«ሽቦ፣ ጥጉ…»

«ተይ» አለ። «ተይ፣ እህቴ። ቆሻሻ ነው አትበይኝ።»

ሐሙስ፣ ሰኔ 28

በመጠየቂያ ሰዓት ልብስ ሰፊዋ የተኛችበት ክፍል ገቡ። ሁለት ሆነው፣ አንዱ አበባ ይዞ። ትራስ ፊቷ ላይ አድርጎ አንዱ በጉልበቱ ተቀመጠበት። አጠገቧ የተኛችው አሮጊት የሽንት መያዣውን ወርውራ በርበሬ እንደበላ ሰው ጮኸች። ነርሶቹ ደረሱ። ሰዎቹ ወጥተው ሄዱ፤ አልሮጡም እንኳ።

በሕይወት አለች። እስከ መቼ?

ወንድሜ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቤት አልነበረም። ሲገባ ደረቱ ላይ የአበባ ዱቄት ነበረው፤ ቢጫ። እማዬ በእጇ አራገፈችለት። «ከየት አመጣኸው ይሄን?» አለችው። «ሠርግ ቤት በኩል አልፌ» አላት። ሳቁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 29

ቀኑን በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት ሌላ ሰው ሳይገባ ዋናውን ፋይል ከፈትኩ። የግራውን ጥግ ለብቻው ከለልኩ። ከርቩን ጥቁሩ ጫፍ ላይ ሳልነካ ቆልፌ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብዬ ያዝኩና ገፋሁት። መጀመሪያ የሸራው ጠርዝ ወጣ። ከዚያ ብረቱ። ከዚያ ክርኑ፤ እራፊው በጥቁርና ነጭም ቢሆን ከጃኬቱ ይለያል። እዚህ ላይ እጄን ከማውሱ አነሳሁ። ባለፈው ጊዜም እዚህ ድረስ አንስቼው ነበር። እዚህ ነው ያቆምኩት፤ እዚህ ነው ወደ ታች የተጫንኩት።

ጥጉ ቆሻሻ አልነበረም።

ቀጥዬ ገፋሁት። ፊቱ ወጣ።

ዋና አዘጋጁ ጋ አትሜ ይዤ ገባሁ። ረዥም ጊዜ አዩት። «የማያሻማ ፊት ነው» አሉ። «ከየት መጣ? ሦስት ናቸው ብለሽኝ አልነበረም?»

«ብዬዎት ነበር።»

«ስሙ ይታወቃል?»

«ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ፣ «ዛሬ ቤትሽ አትደሪ» ብቻ አሉ።

ሁለት ፋይል አስቀመጥኩ። ለስክሪኑ አንድ፣ ለወረቀት አንድ። በሁለቱም ላይ የልብስ ሰፊዋን በር ድፍን ጥቁር አደረግኩት፤ አሁን ባይጠቅምም። ከዚያ ፎርማኑ ጋ ደወልኩ።

«ገጽ አንድ ላይ ቀለም ቀንስልኝ።»

«ምን ያህል?»

«ግራ በኩል ያለው ፊት እስኪለይ።»

«እህቴ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ነው።»

እማዬን ብቻዋን መተው አልሆነልኝም። ቤት ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 3

በግራ እጄ ነው። ቀስ እያልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ጋዜጣውን አጣጥፎ ይዞ መጣ። ቁጭ ብዬ ነበር። አልጮኸም። «አይመለስም ብለሽኝ ነበር» አለ።

ዋሸሁህ አልኩት።

«የቱ ነው የሠራው? ይሄኛው ነው?» ቀኝ እጄን ያዘ። ወደ መኝታ ቤቱ በር ወሰደኝ። ጣቶቼን ማጠፊያው ጋ ዘርግቶ አስተካከለ፣ አንድ በአንድ፣ የእማዬን ጥፍር ሲቆርጥ እንዳደረገው። ከዚያ በሩን ዘጋው። ከፈተው። ዘጋው።

እማዬ፣ «ምንድነው የሚሰበረው?» ትላለች ከወዲያ። «ምንድነው ልጆች?»

ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ማታውን ፖሊስ መናኸሪያ ላይ ያዘው። ሦስቱን በስማቸው ጠርቷል ይባላል። አበባ የያዘውንም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 5

ያው ሆስፒታል ነው። እጄን ሊያዩልኝ ሄጄ በልብስ ሰፊዋ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። የጠየቃት ሰው ከዚያ ወዲህ የለም፤ ነርሷ ነገረችኝ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጋደም ብላ ነበር። አየችኝ። ፋሻዬን አየች፤ የራሷን አየች። እንድገባ አልጠየቅኩም።

እሑድ፣ ሐምሌ 8

እማዬ ዘጠኝ ቀን ሊሆናት ነው አልበላም ካለች፤ ሻይ ብቻ። ሰው ሁሉ የነገራትን አትቀበልም። «ጃኬት የሚመሳሰል ሞልቷል» ትላለች። «ሰማያዊ እራፊ እሱ ብቻ ነው እንዴ ያለው? አንቺ ነሽ በዚያ መሣሪያሽ ያስመሰልሽው። ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ የምታደርጊ አንቺ አይደለሽ?»

ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። የተሰበረውን እጄን ከእሷ ራቅ አደረግኩት። እንዴት እንደተሰበረ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።

ከቀትር በኋላ ድንገት፣ «አሳዪኝ» አለች።

ስልኬን አወጣሁ። ዓይኗ ላይ አስጠግታ ያዘችው።

«አይታየኝም፤ ጨለማ ነው።»

በግራ እጄ የስክሪኑን ብርሃን ጨመርኩላት።

«አሁንም።»

ጨመርኩ። ፊቱን በሁለት ጣት አሰፋሁት። እስከ መጨረሻው ጨመርኩ፤ ብርሃኑ ጉንጯ ላይ እስኪያርፍ። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ከግንባሩ ጀምራ ወደ ታች አየችው፤ ልጅን ለትምህርት ቤት እንደምታዘጋጅ እናት፣ ቁልፉ እስከ ላይ መቆለፉን እንደምታይ። አፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ምላሱን ነክሷል» አለች።

ስልኩን መለሰችልኝ።